የሌቲ ጉንጉን

ሆረስ ብራምሊ በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜው ትልቁን ውሸት የዋሸው በአንዲት ቃል ነው። ቃሏ «እንዴታ» ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ነው። ሆረስ ጓሮው ባለችው የሥራ ክፍሉ፣ ከአንድ ትልቅ የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ ሆድ ሥር ተንበርክኮ፣ በነጩ ቀለም ላይ የመጨረሻዎቹን ጥቁር ዝንጉርጉሮች በጨርቅ ቋጠሮ ያሳርፍ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ በጠቆረ ጣቱ አነሣው።

«ሚስተር ብራምሊ፣ ቢያትሪስ ኦልድሮይድ ነኝ። ከሥራ አስተጓጎልኩዎት?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ሚስ ኦልድሮይድ! ፈረስዎ እኮ አለቀ ማለት ይቻላል።»

«በጣም ደስ ይላል። እንግዲያው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጥቼ ባየው አይከፋዎትም?»

«ደስ ይለኛል እንጂ!»

«አንዲት ነገር ብቻ…» አሉ ሴትዮዋ፤ ድምፃቸው ቀነስ አለ። «ጋማው ውስጥ ያለችው ቡናማ ጉንጉን የታናሽ እህቴ የሌቲ ፀጉር ናት። በሰባት ዓመቷ ነው የሞተችው። ፎቶ እንኳ አልተነሣችም፤ ከእሷ የቀረችን ያቺው ናት። መቼም በደህና እንዳስቀመጧት አልጠራጠርም።»

«እንዴታ!» አለ ሆረስ።

ስልኩን ዘጋና መሳሪያ ሣጥኑ ላይ ዘፍ አለ። ጋማው የለም። ጋማው ቡናማዋን ጉንጉን ጨምሮ ፈረሱ በመጣበት ቀን፣ የዛሬ ሁለት ወር፣ እዚያ ጥግ ላይ ባለው የብረት ምድጃ ውስጥ ነዷል። ያነደደውም ራሱ ሆረስ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሆረስ ራስ ከተመለጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አፉ ግን እስከዚያች ሰኞ ድረስ አምልጦት አያውቅም ነበር። ደግሞ እንኳን እንዲህ ያለ ጉድ መጥቶበት እንዲያውም ስጋታም ሰው ነው። በሩን መቆለፉን ለማረጋገጥ ከአውቶቡስ ፌርማታ ሁለቴ ይመለሳል። ደንበኛ ፈረሱን ጭኖ ከሄደ በኋላ «እርካቡን አጥብቄው ይሆን?» እያለ ሳምንት ሙሉ ይብሰከሰካል። አሁን የሚብሰከሰክበት እውነተኛ ነገር ሲያገኝ የቀለሙን ቆርቆሮ ሁለቴ ከድኖ ሁለቴ ከፈተው።

ፈረሱ የመጣው በመጋቢት ነው። በአንድ ገበሬ የበግ መጫኛ መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ቀለሙ ተላልጧል፣ አንድ ጆሮው ተሰብሯል፣ ኮርቻውን አይጥ ቆርጥሞታል፣ የታች መንጋጋው በገመድ ታስሯል። ከኋላው ሚስ ኦልድሮይድ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸውን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው ገቡ። በስካርቢ ከተማ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት አስተምረዋል። የሆረስ ሚስት ሂልዳም ተማሪያቸው ነበረች፤ ኮርቻና ልጓም የምትሰፋ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ሆና፣ ዛሬም ድረስ እሳቸውን ስታይ ጥፍሯ ቆሽሾ እንደሆነ ብላ እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

«ለማን ልጅ ነው የሚታደሰው፣ ሚስ ኦልድሮይድ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር በዚያ ቀን።

«ለራሴ ነው። ቤቱን ሸጬዋለሁ። የምገባበት የአረጋውያን መኖሪያ ከቤትዎ አንድ ዕቃ ይዘው መምጣት ይችላሉ ብሎኛል። ሌላው ሰው የሚያመጣው ወንበር ነው አሉ።»

ሂልዳ ትስቅ ወይ አትስቅ ግራ ገባት። ሚስ ኦልድሮይድ ሊወጡ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዘወር አሉና «ጋማውን… እኔ እንጃ፣ ብዙ ባይነካ ይሻል ይመስለኛል። ግን እንግዲህ ባለሙያው እርስዎ ነዎት» ብለው ሄዱ።

ስካርቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መስማት ያውቃል። እዚህ ነገር በፊት ለፊት አይነገርም። ይሉኝታ ከሁሉ ይቀድማል፤ የጎረቤቱ ጣራ በእሳት ቢያያዝ እንኳ አጥሩን አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ ቤትዎ ትንሽ ሞቅ አላለም?» የሚል ሕዝብ ነው። ጨዋ ሰው «ባይነካ ይሻል ይመስለኛል» ካለ «ብትነካው ወዮልህ» ማለቱ ነው። ሆረስም ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ነገር ግን በዚያ ቀን የሰማው የመጨረሻዋን ብቻ ነው፤ «ባለሙያው እርስዎ ነዎት» የምትለዋን። ደረቱን ነፋ። ሥራ በሚመዘግብባት ደብተሩ ላይ «ጋማ፣ እንደ ባለሙያው» ብሎ ጻፈ።

የባለሙያው ሥርዓት ደግሞ የታወቀ ነው። አሮጌ ፀጉር ብል አለበት፤ ብል ደግሞ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው፣ ከፈረሱ ወደ ኮርቻው ሱፍ፣ ከኮርቻው ወደ ሂልዳ ሹራብ ይዛመታል። ሙያውን ያስተማረው አባቱ «የመጣ ፀጉር ፀሐይ አይጥለቅበት» ይል ነበር። ስለዚህ ሆረስ በዚያኑ ጠዋት የጋማውን ሚስማሮች በጉጠት እየነቀለ፣ ነጩን ፀጉር በእፍኝ በእፍኝ ወደ ምድጃው ጨመረ።

ከግራው ጆሮ በስተኋላ ጣት የምታክል ቡናማ ጉንጉን አገኘ። ጫፏ በክር ታስራለች። ያን ጊዜ ጣቶቹ ቆም ብለው ነበር፤ ሰውን የሚያሳዝነው ይኼ ነው። አርባ አምስት ዓመት የፈረስ ፀጉር የዳበሱ ጣቶች «ይህች ለስላሳ ናት፣ ይህች የፈረስ አይደለችም» ብለውት ነበር። እሱ ግን «ድሮ በላም ጭራ ጠግነውት ይሆናል» አለና ጨመራት። ቸርር ብላ ነደደች።

ሰኞ ከምሳ በፊት ለሂልዳ ነገራት። ኮርቻ እየሰፋች ነበር፤ መርፌዋን ቆዳው ላይ እንደ ተሰካ ተወችው።

«እና ምን አልካቸው?»

«እንዴታ አልኳቸው።»

«እንዴታ?!»

«አመለጠኝ፣ ሂልዳ! አፌ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም።»

«አፍህ የማን ነው ታዲያ፣ የእኔ? ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ስኖር ጮክ ብለህ 'ርቦኛል' እንኳ ብለህ አታውቅ፤ ለውሸት ጊዜ ምላስህ እንደ እባብ ፈጠነች!»

«ምን ላድርግ?»

«ደውልና ንገራቸው።»

«እሺ። ከሻይ በኋላ።»

ከሻይ በኋላ ስልኩን አነሣ። ሦስት ቁጥር አዞረና አስቀመጠው። «ሚስ ኦልድሮይድ፣ እህትዎን አቃጠልኳት» ተብሎ ይነገራል? ለራት ሂልዳ ያሞቀችለትን የሥጋ ቂጣ ሳይነካው ተነሣ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣለት። ጋማውን ሲነቅል ሦስት ሚስማሮች አናታቸው ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ ቀርተው ነበር። እነሱን ማውጣት ሰልችቶት በእንጨት ዱቄትና በኮላ ደፈናቸው፤ በላያቸውም የኖራና የሙጫ ልስን ደራርቦ ለሰነ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ቀባ። ከተሰበረ ሚስማር ሥር አንዲት ዘለላ ፀጉር ተይዛ ቀርታ ቢሆንስ? አንዲት ብቻ! አንዲት ከተገኘች ውሸቱም ሙሉ ውሸት አይሆንም።

መሮውን አንሥቶ የገዛ ሥራውን ወጋው። የሁለት ወር ልፋት በፍንጣሪ እየተነሣ ወለሉ ላይ ሲረግፍ እያንዳንዷ ፍንጣሪ ከራሱ ቆዳ ላይ የተነሣች ያህል አመመችው። የመጀመሪያው ሚስማር ሥር ዝገት ብቻ ነበረ። ሁለተኛው ሥር ሦስት ዘለላ ፀጉር አገኘ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያሳርፋቸው ወረቀቱ ላይ ጠፉ፤ ነጭ ናቸው፣ የፈረስ ናቸው። ሦስተኛው ሥር የጥፍር ያህል የበሰበሰ ቆዳ እንጂ ሌላ አልነበረም። አጉሊ መነጽሩን አመጣ። መስኮቱ ጋ ወስዶ አየ፣ በመብራት አየ፣ እንደገና መስኮቱ ጋ አየ። ነጭን ነገር ሺህ ጊዜ ቢያዩት ቡናማ አይሆንም።

ሂልዳ ሻይ ይዛ ስትገባ የፈረሱን አንገት አይታ ኩባያውን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«ጌታ ሆይ! ፈረሱን ደግሞ ምን አደረግኸው?»

«ፈለግሁ።»

«አገኘህ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሂልዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ስታዝንለት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ተቆጣችው።

«ስማ፤ ወይ ዛሬውኑ ንገራቸው፣ ወይ እንደ ሰው ዋሽ። ሸርሊ ጋ ሂድ። ፀጉር ቤቷ ቀኑን ሙሉ ቡናማ ፀጉር ነው የምትጠርገው። አንድ ጉንጉን ለምናት፣ በክር እሰራት፣ ቸንክራት። ሴትዮዋ ዓይናቸው ደክሟል። ማን ያውቃል?»

«የሞተች ሕፃን ፀጉር ነው እኮ፣ ሂልዳ!»

«እንግዲያው ስልኩ ያውልህ።»

ሆረስ ስልኩን አየው። ስልኩም ያየው መሰለው። ረቡዕ ሸርሊ ጋ ሄደ።

በሕይወቱ የሴት ፀጉር ቤት ገብቶ አያውቅም። ሦስት ሴቶች የፀጉር ማድረቂያው ሥር ተደርድረው ነበር፤ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ሦስቱም መጽሔታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሆረስ፣ የኔ ጌታ» አለች ሸርሊ፣ «ለአንተ ከሆነ የመጣኸው ሃያ ዓመት ዘግይተሃል።»

«ቡናማ ፀጉር ፈልጌ ነው። ቡናማ… የልጅ የሚመስል። ለፈረስ ነው።»

«ለፈረስ ነው አለ!» አለች አንደኛዋ። «ሂልዳ ታውቃለች ይህን ፈረስ?»

ሳቁ መንገድ ድረስ ተከተለው። በወረቀት ከረጢት ግን የፈለገውን ይዞ ወጥቷል፤ አንዲት ልጅ ሰኞ ዕለት ያስቆረጠችው ጉንጉን ነው። ቡናማነቱ፣ ርዝመቱ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው። ከረጢቱን ኮቱ ኪስ ከትቶ ወደ ቤት ሲሄድ ከተማው ሁሉ ኪሱን የሚያይ መሰለው። ፖስተኛው «ደህና ዋልክ ሆረስ» ሲለው ደነገጠ።

ሐሙስን የቆፈረውን ሲደፍን፣ ሲለስን፣ ምድጃው አጠገብ ሲያደርቅና ሲያለሰልስ ዋለ። ዓርብ ማለዳ ነጩን መልሶ ቀባ፤ ከሰዓት በፊት አንገቱን ያዥጎረጉር ጀመር። ጥቁሩን ከሱቅ አይገዛም። አባቱ እንዳስተማረው የምድጃውን የጭስ መውጫ ቧንቧ በሚታጠፍበት ክርኑ ላይ ፈትቶ ጥላሸቱን በማንኪያ ይፍቃል፤ በተልባ ዘይት ያሽና በጨርቅ ቋጠሮ እየነካካ ነጩ ላይ ያሳርፈዋል። ቧንቧውን አዘውትሮ አይጠርግም፤ ጥላሸት በቆየ ቁጥር ይጠቁራል ባይ ነው። ሌላ ጊዜ ይህን ሲሠራ ያፏጫል። በዚያ ቀን ግን ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከቆዳ ነጋዴ የመጣውን አዲስ ነጭ ጋማ ቸነከረ። ከግራው ጆሮ በስተኋላ ጣት የምታክል ክፍት ቦታ ተወ። ሁለት ደቃቅ ሚስማር በከንፈሩ ያዘ፤ መዶሻውን አነሣ፤ ከረጢቱን ከፍቶ ጉንጉኑን አወጣ።

ለስላሳ ነበር። የሳሙና ሽታ ነበረው፤ የአፕል ሽታ ያለው ሳሙና። ሌቲ የአፕል ሳሙና አታውቅም። ይህች ልጅ፣ ማንም ትሁን ማን፣ በሕይወት አለች፤ አሁን የሆነ ቦታ አጭር ፀጉሯን እያወናጨፈች ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ይሆናል። ሚስ ኦልድሮይድ በአረጋውያን መኖሪያው ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ፈረሱ አንገት ሰደድ አድርገው ማንን ሊዳብሱ ነው? የሆረስ ጣቶች እንደገና ቆሙ። አንዴ አልሰማቸውም፤ አሁን ሰማቸው።

ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አወጣ። ክፍቱን በነጭ ፀጉር ሞላው። ከረጢቱን ይዞ ወጥ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አልችልም» አለ።

ሂልዳ ድንች እየላጠች ነበር። «ተመስገን» አለች ቀና ሳትል። «እኔ እኮ ሐሳቡን የሰጠሁህ እምቢ ትላለህ ብዬ ነበር። ሸርሊ ጋ ስትሄድ ደንግጬ ነው የሞትኩት።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ነገ ትነግራቸዋለህ።»

«ቢሞቱብኝስ? ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እዚያው ደረቅ ቢሉብኝስ?»

«ሚስ ኦልድሮይድ?» አለች ሂልዳ። «እሳቸው ከመሞታቸው በፊት አንተን ነው የሚገድሉህ።»

ቅዳሜ ዘነበ። ሆረስ ከማለዳ ጀምሮ ንጹሑን ወለል ሦስት ጊዜ ጠረገ። ሸሚዝ ሁለቴ ቀየረ። የሚናገረውን ለመሮዎቹ ነገራቸው፣ ለመላጊያው ነገረው፤ ሁሉም ዝም አሉት። የበጉ መኪና ድምፅ ሲሰማ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ሸጎጠ።

ሚስ ኦልድሮይድ ጃንጥላቸውን በሩ ጋ አራግፈው ገቡ። ሂልዳ እጇን ከኋላዋ አደረገች። ፈረሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ ነጭ፣ ባለ ጥቁር ዝንጉርጉር፣ አፍንጫው ቀይ፣ ቀይ ኮርቻው ላይ የናስ ሚስማሮች የሚያበሩ። ሴትዮዋ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ዞሩት።

«ምንም አይልም» አሉ። በስካርቢ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ሂልዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ወደ ግራው ጆሮ ሰደዱና ጋማውን በአንድ ጣት ገለጥ አደረጉ። ቦታውን መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

«የለችም» አለ ሆረስ።

እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሁሉንም ተናገረ። የተለማመደው ንግግር ጠፍቶበት ያለ ሥርዓት ነው የወጣው። ብሉን፣ የአባቱን ደንብ፣ ጣቶቹ ቆም ማለታቸውን፣ ሦስቱን የተሰበሩ ሚስማሮች፣ የሸርሊን ከረጢት ሳይቀር ተናገረ።

«ሙሉዋን?» አሉ ሚስ ኦልድሮይድ።

«ሙሉዋን።»

«ሰኞ ዕለት እንዴታ ብለውኝ ነበር።»

«ዋሸሁዎት።»

ሂልዳ ወንበር አቀረበች፤ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ብል አልበላትም» አሉ። «አባቴ እናቴ እንዳትሰማ በሌሊት ልብሱ ቆሞ ነው የቸነከራት። ትኩሳቱ ሲጠና እናቴ የሌቲን ፀጉር ቆረጠችው። እሷም አላለቀሰችም። ፈረሱም እዚያ ጋ ተመልጧል፣ ለእሱ ስጡልኝ አለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

ለሆረስ ይቅርታ የምትለዋ ቃል ለዚህ ትንሽ ሆነችበት።

«ተናድጄብዎታለሁ፣ ሚስተር ብራምሊ» አሉ። ይህን ያሉት ድምፃቸውን ሳያነሡ ነው፤ ሆኖም በስካርቢ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ሲነገር ሰምቶ የማያውቀው ሆረስ በጥፊ የተመታ ያህል ተንገዳገደ። «በራሴም ተናድጃለሁ። ባይነካ ይሻል ይመስለኛል! አርባ ዓመት ልጆችን በግልጽ ተናገሩ እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ለገዛ እህቴ አይነካ የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች።»

ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩ።

«በዚህ ምድጃ ነው?»

«በዚህ።»

«አመዱስ?»

«ጽጌረዳዎቹ ሥር ተበትኗል» አለች ሂልዳ በሹክሹክታ። «ዝናብ ወስዶታል።»

«ጭሱስ?»

ጥያቄው ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠየቅ ነበር የመጣው፤ ሆረስም እንደ ተማሪ ወደ ላይ፣ ወደ ቧንቧው ቀና አለ። የቧንቧው ክርን ላይ የማንኪያው ፍቅፋቂ ገና አዲስ ነው። የገዛ ጥፍሩን አየ። ጥፍሩ ሥር ጥቁር አለ።

«ጥቁሩን ከምን ነው የሚሠሩት፣ ሚስተር ብራምሊ?»

«ከጥላሸት» አለ፤ ድምፁ ተሰበረበት። «ከዚህ ቧንቧ እየፋቅሁ። የሰውነቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሬ፣ የአንገቱን ደግሞ ትናንት ነው የሠራሁት።»

ሂልዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግን ይስሙኝ» አለ ሆረስ እየተጣደፈ፤ ላብ ግንባሩን አጥምቆታል። «በዚያ ምድጃ ብዙ ነገር ነዷል። ጋዜጣ፣ ፍልጥ፣ የስንት ፈረስ ጭራ። እሷ ናት ልልዎት አልችልም። ሁለተኛ አልዋሽዎትም።»

«እሷ ናት አላሉኝም» አሉ ሚስ ኦልድሮይድ።

ተነሡ። የቀኝ እጃቸውን ጓንት ከየጣታቸው አንድ በአንድ ሳብ ሳብ እያደረጉ አወለቁ። የፈረሱ አንገት ላይ፣ ከግራው ጆሮ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክብ ጥቁር ነበር። ሆረስ «አልደረቀም» ሊል ፈልጎ ተወው። ሴትዮዋ ሌባ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉና ጥቂት ቆዩ። ሲያነሡት ጥቁሩ ላይ የጣታቸው አሻራ ቀርቶ ነበር፤ ጣታቸውም ጠቁሯል።

ሂልዳ ከልማዷ የተነሣ ጨርቅ አንሥታ ሮጠች። «ልጥረግልዎት፣ ሚስ ኦልድሮይድ፤ ጓንትዎን ያበላሽብዎታል።»

«አይነካ» አሉ።

ከዚያም ወደ ሆረስ ዞረው፣ «አንገቱ ቫርኒሽ አይቀባ። አሻራውም አይስተካከል። ይጻፉት።»

ሆረስ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ «አንገት፣ አይነካ» ብሎ ጻፈና አሳያቸው። አንብበው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃንጥላቸውን ግን ረሱት። ጓንታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ የቀኝ እጃቸውን ዝናብ እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ሸጉጠው፣ ወደ መኪናው ሄዱ።